ጥቂት እንግዳ፣ ብዙ ፈረስ፦ የባሌ ደጋ ጉብኝት ሒሳብ

የሮቤ የእህል ነጋዴ ብዛት ማለት ምን እንደሆነ አስተማሪ አያሻውም። ከሲናናና ከአጋርፋ ሜዳ በኮምባይነር የታጨደው ስንዴ በአይሱዙ እየተጫነ ሲገባ፣ ከአንድ ኩንታል የሚገኘው ትርፍ ትንሽ ቢሆንም ኩንታሉ ብዙ ነውና ዓመቱ ሲጠቃለል ሒሳቡ ይሞላል። መጋዘን ያለው ያቆያል፤ የሌለው ቶሎ ይሸጣል። የሁለቱም ዓይን ግን ብዛት ላይ ነው።

ከሮቤ 14 ኪሎ ሜትር ላይ ያለችውን ጎባን አልፎ ወደ ደጋው ሲወጣ በተገላቢጦሽ ሕግ የሚሠራ ንግድ አለ። የሚሸጠው ዕቃ ብርድ፣ ጸጥታ፣ ጉም የለበሰ ሜዳና በጠራራ ፀሐይ አይጥ የሚያድን ቀይ ቀበሮ ነው። በዚህ ገበያ ገዢው በበዛ ቁጥር ዕቃው ይበላሻል። ሃምሳ መኪና በቆመበት ሜዳ ላይ ጸጥታ እሸጣለሁ ማለት ነቀዝ የበላውን ስንዴ አንደኛ ደረጃ ብሎ እንደ ማቅረብ ነው።

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ገንዘቡን ወደዚያ ለማዞር የሚያስብ ባለሀብት መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት አልጋ ልሥራ?» ብሎ ቢሆን አይፈረድበትም፤ የሆቴል ንግድ ሌላ ቦታ የሚለካው በአልጋ ነውና። ለባሌ ደጋ ግን ጥያቄው የተወሰደው ከስንዴ ገበያ ነው። ለዚህ ዓይነቱ ንግድ ምሳሌ የሚሆነው ላንጋኖ ወይም ሶደሬ አይደለም። ነገሩ እንግዳ ቢመስልም ምሳሌው የሚገኘው ከምድር ጫፍ፣ በደቡብ ዋልታ በረዶ መካከል ከሚጓዙት ትንንሽ መርከቦች ዘንድ ነው።

መርከቦቹ የሚሸጡት ምንድን ነው?

እ.ኤ.አ. በ1966 ላርስ-ኤሪክ ሊንድብላድ የተባሉ ትውልደ ስዊድን አሜሪካዊ የጉዞ ነጋዴ ከአርጀንቲና የባሕር ኃይል በተከራዩት መርከብ ቱሪስቶችን ወደ አንታርክቲካ ወሰዱ። ንግዱ እንደሚያዋጣ ባዩ ጊዜ ለዚሁ ሥራ የምትሆን፣ መቶ ያህል መንገደኛ የምትይዝ አንዲት ትንሽ መርከብ አሠሩ። እ.ኤ.አ. በ1969 ሥራ የጀመረችው ይህች መርከብ «ሊንድብላድ ኤክስፕሎረር» ተባለች። ዛሬ በዋልታ ባሕሮች የሚካሄደው የአነስተኛ መርከቦች ጉዞ ሁሉ ከእሷ የተቀዳ ነው ማለት ይቻላል።

የጉዞው ዋጋ ለሰሚው ይከብዳል። ለአሥር ቀን ያህል ጉዞ አንድ ሰው አሥር ሺሕ ዶላርና ከዚያም በላይ መክፈሉ የተለመደ ነው። ለዚህ ገንዘብ የሚያገኘው አልጋና ምግብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ከፋዩ የበለጠ የተንደላቀቀ ሆቴል በየትም ያገኝ ነበር። የሚከፍለው ከመርከብ ወርዶ በጎማ ጀልባ ወደ በረዶው ዳርቻ ለመድረስ፣ ፔንግዊኖች መካከል ለመቆምና የሰው ድምፅ ሳይሰማ አንድ ሰዓት ለመቆየት ነው። ሸቀጡ መርከቡ ሳይሆን መውረዱ ነው።

እዚህ ላይ ነጋዴ ሊያጤነው የሚገባ ሕግ ይመጣል። በአንታርክቲካ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ጊዜ ከ100 በላይ ጎብኚ ወደ የብስ አይወርድም። ከ500 በላይ መንገደኛ የጫነ መርከብ ጭራሹን ሰው ማውረድ አይችልም፤ መንገደኞቹ ከመርከቡ ላይ ሆነው አይተው ይመለሳሉ። ሒሳቡን ማስላት ቀላል ነው። መቶ ሰው የጫነች መርከብ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ታወርዳለች። አራት መቶ የጫነችው በአራት ተራ ታወርዳለች፤ ቀኑ ግን የሁለቱም እኩል ነው። ስለዚህ በትልቁ መርከብ የተሳፈረ ሰው አብዛኛውን ሰዓት ተራ ሲጠብቅ ይውላል። ትንሿ መርከብ በአንድ ሰው የምታስከፍለው የበለጠው ለዚህ ነው። ትንሽነቷ ጉድለት መሆኑ ቀርቶ የዋጋዋ መሠረት ሆኗል።

ይህን ልማድ መጀመሪያ በንግዱ ውስጥ ሥርዓት ያደረጉት እርስ በርሳቸው የሚፎካከሩት ነጋዴዎች ራሳቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1991 ሰባት የጉዞ ድርጅቶች ተሰብስበው የአንታርክቲካ አስጎብኚዎች ማኅበርን መሠረቱ። የአንታርክቲካ ውል አባል አገሮች የመቶውን ገደብ በውሳኔ ያጸደቁት ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ነጋዴዎቹ ይህን ያደረጉት ለፔንግዊን አዝነው ብቻ አልነበረም። አንዱ ዳርቻውን ካጨናነቀው የሌላውም ዕቃ እንደሚረክስ ስለገባቸው ጭምር ነው። እንዲያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2023 እና 2024 መካከል በነበረው ወቅት ወደ አንታርክቲካ የተጓዘው ሰው ቁጥር ከመቶ ሺሕ በልጧል፤ ገደቡ ይበቃል ወይስ አይበቃም የሚለው ክርክርም እዚያው ድረስ ገብቷል።

ሳነቴ ከዋልታ ጋር ምን ያገናኘዋል?

ባሌ ባሕር የለው፣ መርከብ የለው። የዕቃው ጠባይ ግን ከዋልታው ጋር ይመሳሰላል። የሳነቴ አምባ ከባሕር ጠለል በላይ 4,000 ሜትር ገደማ ላይ የተዘረጋ ሜዳ ነው። ከዚያ ላይ የሚነሣው የቱሉ ዲምቱ ጫፍ 4,377 ሜትር ይደርሳል። በበጋ ሌሊት ብርዱ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል፤ ማለዳ ከድንኳኑ የሚወጣ እንግዳ በውኃ መያዣው ላይ በረዶ ቢያገኝ አዲስ ነገር አይደለም። የጎባ ሰው ቡልኮውን ያለምክንያት አልወደደውም።

በጥንት ዘመን ደግሞ ሳነቴ ራሱ የበረዶ ምድር ነበር። ተመራማሪዎች ከ40,000 ዓመት በፊት አምባው ላይ የበረዶ ግግር እንደነበረ አረጋግጠዋል። በዚያው ዘመን ሰው እዚያ ይኖር ነበር። ፊንጫ ሐበራ በተባለው፣ ከ3,400 ሜትር በላይ ባለው የዋሻ መጠለያ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት የኖሩ ሰዎች ፍልፈል እየጠበሱ ይበሉ እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት አሳይቷል። በዓለም እስካሁን ከታወቁት የከፍተኛ ተራራ መኖሪያዎች ቀዳሚው ነው። ለአስጎብኚ ድርጅት ይህ ታሪክ ያለምንም ወጪ የተገኘ ሸቀጥ ነው፤ እንግዳውን ድንጋዩ ሥር አስቀምጦ የሚተርክ ሰው ብቻ ይፈልጋል።

ዋናው መስሕብ ግን ቀይ ቀበሮ ነው። በዓለም ላይ ያለው ለአካለ መጠን የደረሰ ቀይ ቀበሮ ከ500 አይበልጥም፤ ከግማሽ በላዩ የሚኖረው በባሌ ነው። ብዙ ሥጋ በል አውሬ በሌሊት ሲያድን ይህ ግን በቀን ያድናል፤ ምግቡ አይጥና ፍልፈል ነዋ። ከፍልፈሎቹ ግዙፉ ከባሌ በቀር በየትም አይገኝም። እንግዳ ነብር ለማየት ሳምንት ጠብቆ ላያገኝ ይችላል። ሳነቴ ላይ ቀይ ቀበሮን ግን በአንድ ረፋድ ሊያይ ይችላል። ይህ ለነጋዴ ትልቅ ነገር ነው፦ ዕቃው ብርቅ ቢሆንም ማስረከብ ይቻላል።

የአካባቢው ኦሮሞ ቀይ ቀበሮን «ጀዳላ ፈርዳ» ይለዋል፤ የፈረስ ቀበሮ እንደማለት ነው። ለመውለድ የቀረበች ባዝራ እየተከተለ የእንግዴ ልጇን ስለሚጠብቅ ነው ይባላል። ቀበሮው ራሱም በከብትና በፈረስ መካከል ተከልሎ አይጦቹን እንደሚያዘናጋ ተመራማሪዎች ጽፈዋል። ከፈረስ የማይሸሽ አውሬ በሚገኝበት አገር እንግዳን በፈረስ ማስጎብኘት ከባሕል ያለፈ ጥቅም አለው።

የፈረሱ ሒሳብ

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ስድስት እንግዶች ከዲንሾ ተነሥተው በወይብ ሸለቆ አድርገው፣ ሳነቴን አቋርጠው፣ ሪራ ድረስ በአምስት ቀን ይጓዛሉ እንበል። እያንዳንዳቸው የሚቀመጡበት ፈረስ፣ ለድንኳን፣ ለምግብና ለብርድ ልብስ የጭነት ፈረሶች ያስፈልጋሉ። ወደ አሥራ ሁለት ፈረስ መሆኑ ነው። ለፈረሶቹ ሳቢዎች፣ ለመንገዱ መሪ፣ ለማዕዱ አብሳይ ይታከላሉ። ስድስት እንግዳ አሥር ያህል ሰው ለአምስት ቀን ያሠራል ማለት ነው። በዲንሾ አስጎብኚዎችና የፈረስ ባለቤቶች በማኅበር ተደራጅተው በተራ ይሠራሉ። ተራው የሚሠራው እንደ ታክሲ ተራ ነው፤ ቀድሞ የተሰለፈ ቀድሞ ይጫናል፣ ፈረስ ያለው ሁሉ ቀን ይደርሰዋል።

እነዚያው ስድስት ሰዎች በላንድክሩዘር ቢመጡስ? ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ አምባውን በመሐሉ ያቋርጠዋል። መኪናው ጠዋት ይወጣል፤ ቀበሮ ከታየ ይቆማል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ከሰዓት በኋላ የሐረና ጫካ ታይቶ ማታ ሌላ ከተማ ይታደራል። ለባሌ የሚቀረው የመግቢያ ክፍያ፣ የመሪ አበልና ምናልባት ምሳ ነው። ነዳጁ ከሻሸመኔ፣ ምግቡ ከአዲስ አበባ ሱፐርማርኬት፣ ሾፌሩም ከአዲስ አበባ ይሆናል። ቀበሮው ያው ቀበሮ፣ እንግዳው ያው እንግዳ፣ ደረሰኙ ግን ሁለት ዓይነት ነው። ልዩነቱ የመጣው ከእንግዳው ብዛት ሳይሆን እዚያ ከቆየባቸው ሌሊቶች ነው።

ይህን ሒሳብ ቀድመው የሞከሩት የዶዶላና የአዳባ ገበሬዎች ናቸው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት በተደገፈው የደን ፕሮጀክት አማካይነት በጫካው ዳርና በተራራው ላይ የእንግዳ ጎጆዎች ተሠርተው በፈረስ ከጎጆ ወደ ጎጆ የሚደረግ ጉዞ ተጀመረ። ጎጆዎቹ ትንንሽ ናቸው፤ አንድ ቡድን ከያዛቸው ሌላው ሌላ ጎጆ ይፈልጋል። ገደቡ በሕግ ሳይሆን በአልጋው ቁጥር ተበጀ ማለት ነው። በሐረና ጫካ አፍ ካቻ ላይ እ.ኤ.አ. በ2010ሮቹ የተከፈተው ባሌ ማውንቴን ሎጅም በጥቂት ክፍሎች፣ ከአካባቢው ከፍ ባለ ዋጋ ይኸንኑ መንገድ ነበር የተከተለው።

ባሌ ጥቂትነትን በመሸጥ ረገድ ከዚህም የቆየ ልምድ አለው። ስሙ በሲጋራ፣ በኢንሹራንስና በመኪና አስመጪ ማስታወቂያ ሲነገድበት የኖረው ኒያላ፣ በአማርኛው የደጋ አጋዘን፣ ከፓርኩ ውጪ በተከለሉ ቀበሌዎች በየዓመቱ በሚወሰን ኮታ ለፈቃድ አዳኞች ይሰጣል። አደኑን የሚደግፍም የሚቃወምም አለ። ለገበያ ሰው የሚታየው ግን ይህ ነው፦ ኮታው ሲጠብቅ ዋጋው ይቆማል፤ ኮታው ሲላላ መጀመሪያ የሚያልቀው እንስሳው ነው።

የመጠበቂያዋ ሌሊት

ወደ አንታርክቲካ ከሚሄዱት መርከቦች አብዛኞቹ የሚነሡት ኡሽዋያ ከምትባል የአርጀንቲና ከተማ ነው። ከተማዋ መርከቦቹን አትሠራም፤ የብዙዎቹ ባለቤቶችም የእሷ ሰዎች አይደሉም። ፔንግዊኑም የሷ አይደለም። ሆኖም ትኖርበታለች። ምክንያቱ መርከብ መንገደኛ አይጠብቅም፤ የአሥር ሺሕ ዶላር ትኬት የያዘ ሰው ደግሞ አውሮፕላን ዘግይቶ መርከቡ እንዲያመልጠው አይፈልግም። ስለዚህ አንድ ሁለት ቀን ቀድሞ ይገባል። ያን ሌሊት ይተኛል፣ ይበላል፣ የረሳውን ጓንትና ካልሲ ይገዛል። ሲመለስም ገላውን ታጥቦ፣ ጠጥቶ፣ ስጦታ ገዝቶ ይሄዳል። መርከቡም አትክልቱን፣ ሥጋውንና ነዳጁን ከወደቡ ይጭናል።

የጎባና የሮቤ ነጋዴ ሊያስበው የሚገባው ይህንኑ ሌሊት ነው። ለባሌ የመጠበቂያ ሌሊት ከኡሽዋያም የጠነከረ ምክንያት አለው። ሮቤ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ጎባ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ሳነቴ ግን 4,000 ሜትር ነው። ከቆላ አገር በአውሮፕላን የመጣን ሰው በዚያው ቀን አምባው ላይ ማሳደር ራስ ምታት፣ ማስመለስና ከዚያም የከፋ የከፍታ ሕመም ያስከትላል። ሐኪምም ሆነ ልምድ ያለው አስጎብኚ «አንድ ሁለት ሌሊት ዝቅ ብለህ እደር» ይላል። ይህን ምክር የጉዞ ፕሮግራም ያደረገ ድርጅት ለጎባ ወይም ለዲንሾ ሁለት ሌሊት ሰጠ ማለት ነው። ያላደረገው ደግሞ እንግዳውን አሳምሞ የጉዞውን ስም ያጠፋል። የጤናውና የንግዱ ጥቅም እንዲህ በአንድ ላይ ሲገጥም በየጊዜው አይታይም።

ለዚያች ሌሊት የሚያስፈልገው ባለብዙ ፎቅ ሆቴል አይደለም። ሞቅ ያለ ክፍል፣ የማይቋረጥ ሙቅ ውኃ፣ በሰዓቱ የሚቀርብ ቁርስና የሚቆለፍ የዕቃ ማስቀመጫ ነው። ቀጥሎ ስንቁ ይመጣል። የሮቤ ሜዳ ስንዴና ገብስ ሞልቶታል፤ የባሌ ማር የታወቀ ነው፤ በሐረና ጫካ ውስጥ በራሱ የሚበቅለው ቡና ደግሞ በዓለም አቀፉ የስሎው ፉድ ንቅናቄ ዕውቅና ያገኘ ነው። ዳቦው፣ ማሩና ቡናው ከአዲስ አበባ ተጭኖ ከመጣ ግን የባሌ ነጋዴ የራሱን ገበያ ከደጃፉ አሳልፎ ሰጠ። የድንኳን፣ የመኝታ ከረጢትና የብርድ ልብስ ኪራይም እንዲሁ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው መጋዘንና ደብተር እንጂ ትልቅ ካፒታል አይደለም።

የጋራ መዝገብ

ከመርከቦቹ ሌላም የሚወሰድ ሥርዓት አለ። የማኅበሩ አባላት የጉዞ ፕሮግራማቸውን አስቀድመው ለእርስ በርስ ያሳውቃሉ። ጥቅሙ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ሁለት መርከቦች በአንድ ዳርቻ እንዳይገናኙ ነው፤ ብቸኝነት የገዛ ሰው ሌላ መቶ ሰው ሲያይ እንደተታለለ ይቆጥረዋልና። ሁለተኛው የታየው እ.ኤ.አ. በኅዳር 2007 ነው። ያቺው የመጀመሪያዋ ኤክስፕሎረር በደቡብ ሼትላንድ ደሴቶች አቅራቢያ ከበረዶ ጋር ተጋጭታ ሰጠመች። ተሳፍረው የነበሩት 154 ሰዎች በነፍስ አድን ጀልባዎች ላይ ሆነው ሲጠብቁ ሌላ የመንገደኛ መርከብ ደርሳ ሁሉንም አተረፈቻቸው። አዳኟ ለወትሮው ተፎካካሪ ነበረች።

በሳነቴ ላይ ወርጎና፣ ራፉ፣ ኬይረንሳና ገርባ ጉራቻ የታወቁ የማደሪያ ቦታዎች ናቸው። ሁለት አስጎብኚ ድርጅቶች ሳይነጋገሩ በአንድ ምሽት በአንዱ ቦታ ድንኳን ቢተክሉ የሁለቱም እንግዶች ይከፋሉ። አንዱ እንግዳ በሌሊት በከፍታ ሕመም ቢያዝ ደግሞ ወደ ጎባ ሪፈራል ሆስፒታል የሚያደርሰው መኪና የማን ነው? በዚያ ሌሊት አምባው ላይ ሌላ ቡድን መኖሩን የሚያውቅ አለ? አንድ የጋራ መዝገብ፣ አንድ ተጠባባቂ መኪናና የኦክስጅን ጠርሙስ ዋጋው ለብዙ ድርጅቶች ቢካፈል አነስተኛ ነው። ለአንድ ድርጅት ብቻ ግን ከባድ ነው። የውጭ ወኪሎች ውል ከመፈረማቸው በፊት ከሚጠይቋቸው ነገሮች አንዱ ይኸው የአደጋ ዝግጅትና የኢንሹራንስ ጉዳይ ነው።

የቀበሮው ሌላ ጠላት

የዚህ ንግድ ትልቁ ስጋት ፉክክር ሳይሆን ውሻ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ከእረኛ ውሾች ወደ ቀበሮዎቹ እየተላለፈ እ.ኤ.አ. በ1991 እና 1992፣ ቀጥሎም በ2003 እና 2004 ባሌን መትቷል። በተለይ በወይብ ሸለቆ ከቀበሮዎቹ ሦስት አራተኛ ያህሉ አልቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 እና 2009 እንዲሁም በ2014 በሽታው ተመልሶ መጥቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ ዲስቴምፐር የተባለው ሌላ የውሻ በሽታ ገባ። እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ በባሌ የሚሠራው የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም በየዓመቱ ብዙ ሺሕ ውሾችን ይከትባል። ከ2018 ወዲህ ደግሞ ለቀበሮዎቹ ራሳቸው በምግብ ውስጥ የሚሰጥ ክትባት ተጀምሯል። በባሌ ሎጅ የሚሠራ ባለሀብት የኢንሹራንስ ዓረቦን ሲያሰላ የውሻ ክትባት ወጪንም ከዚያው መደብ ቢያየው ስሕተት አይሆንም።

ግጦሹም አለ። በፓርኩ ውስጥ የሚሰፍረውና ከብት የሚያሰማራው ሰው በዝቷል። ሣሩ ከልክ በላይ ሲጋጥና መሬቱ ሲረገጥ ፍልፈሉ ይጎዳል፤ ፍልፈሉ ሲጎዳ ቀበሮው ይራባል። እረኛው ግን ክፉ ሰው አይደለም፤ ከብቱ ባንኩ ነው። ከቀበሮው የሚያገኘው ገቢ ከሌለ ቀበሮው ለሱ የሌላ ሰው ንብረት ነው። የፈረስ ተራው ቁምነገር እዚህ ላይ ይታያል። በተራ መዝገቡ ስሙ የተጻፈ ገበሬ በወይብ ሸለቆ ውስጥ ያልተከተበ ውሻ ሲያይ የራሱ ገቢ እንደተነካ ይቆጥረዋል። እንግዳው በመኪና አልፎ ሲሄድ ግን ይህ ገመድ ይበጠሳል።

ዓመቱ አራት ወር ብቻ ሲሆን

ወቅትም ባለሀብቱን ይፈትነዋል። በባሌ ለመራመድ የሚመቸው ከኅዳር እስከ የካቲት ነው፤ ከዚያ በኋላ ዝናቡ ይጀምርና እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። የአንታርክቲካም ወቅት ከኅዳር እስከ መጋቢት ነው። ሁለቱ ገበያዎች የአንድ ዓይነት ሀብታም መንገደኛን ኪስ በአንድ ወቅት ያንኳኳሉ ማለት ነው። መርከብ ግን አንድ ብልጫ አላት። በደቡብ ክረምት ሲገባ ተነሥታ ወደ ሰሜን ዋልታ፣ ወደ ስቫልባርድ ደሴቶች ትሄዳለች፤ ዓመቱን በሁለት ወቅት ትሠራበታለች። የጎባ ሎጅ እግር የለውም።

ስለዚህ ስምንቱን ወር የሚሸከመው ሌላ ገቢ መሆን አለበት። በሮቤ ያለው የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ስብሰባና እንግዳ አለው። ወደ ድሬ ሼህ ሁሴን የሚሄደው ምዕመን፣ ወይብ ወንዝ አለቱን ሰርስሮ የሠራውን የሶፍ ዑመር ዋሻ ለማየት የሚመጣው ያገር ውስጥ ጎብኚ፣ በመኸር ጊዜ ከአዲስ አበባ የሚወርደው የእህል ነጋዴም አልጋ ይፈልጋሉ። እነዚህ በዶላር አይከፍሉም፤ ሠራተኛውን ግን ዓመቱን ሙሉ በሥራ ላይ ያቆያሉ። በአራት ወር ዶላር ብቻ ተማምኖ የባንክ ብድር የወሰደ ሰው አንድ የከሸፈ ወቅት ይበቃዋል። ወቅት ደግሞ ይከሽፋል። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮሮና የዓለምን ጉዞ ሲዘጋ ከሽፏል። ከዚያ በኋላም በአገሪቱ በነበረው ግጭት የውጭ መንግሥታት የጉዞ ማስጠንቀቂያ ሲያወጡ ጉዞ ተሰርዟል። ማስጠንቀቂያው ባሌን በስም ባይጠቅስ እንኳ ከውጭ ያለው ወኪል ካርታውን በደንብ አያነብም።

የምንዛሪው ጉዳይም አለ። የውጭ ምንዛሪ ተመን ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብር አልፏል። የጉዞ ዋጋ በዶላር ከወራት በፊት ይቆረጣል፤ የፈረስ፣ የመሪና የምግብ ሒሳብ ግን በብር ነው። በመሐል ያለው ልዩነት በማን ኪስ እንደሚገባ በውሉ ካልተጻፈ አዲስ አበባ ባለው አስጎብኚ ድርጅት ዘንድ ይቀራል። በዚያው ወር ግን ለፈረሱ የሚገዛው ገብስና ለሳቢው ቤት የሚገዛው ዘይት ዋጋው ይጨምራል። የፈረስ ባለቤቶች ማኅበራት ታሪፋቸውን በየስንት ጊዜ ማሻሻል እንደሚችሉ፣ ቀብድ ስንት ቀን ቀድሞ እንደሚከፈላቸው፣ ጉዞ ሲሰረዝ ለተሰለፈው ፈረስ ማን እንደሚከፍል በጽሑፍ የያዘ ውል ከአንድ ተጨማሪ ፎቅ ሆቴል በፊት ሊቀድም የሚገባው ለዚህ ነው። የኅዳር እንግዶች ዋጋ የሚቆረጠው ደግሞ ገና በግንቦትና በሰኔ፣ ሳነቴ በዝናብና በጉም በተሸፈነበት ወራት ነው።